ባሌስትራ ሳይናገር አይሰበርም

ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በጋላፊ በኩል ሎግያን፣ ሚሌን፣ ገዋኔንና አዋሽን አልፎ ወደ መሃል አገር የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ባለ ሦስት አክስል ተሳቢ ዳር ይዞ ቆሟል፤ አንድ ጎኑ ወደ ጎማው ተደፍቷል። ከኋላው አስፋልቱ ላይ ለሚመጣው መኪና ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ድንጋይና የግራር ቅርንጫፍ ተደርድሯል። ረዳቱ ካርቶን አንጥፎ ሥር ገብቷል፤ ሹፌሩ ኔትወርክ ፍለጋ ራቅ ብሎ ከባለንብረቱ ጋር በስልክ ይነጋገራል። ምን ሆናችሁ ሲባሉ መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ «ባሌስትራ ሰበርን»። ተከትሎ የሚመጣው ማብራሪያም የተለመደ ነው፤ መንገዱ ነው፣ ጭነቱ ነው፣ ዕድል ነው። ጎማ በድንገት እንደሚፈነዳ ሁሉ ባሌስትራም ሳይታሰብ የሚደርስ አደጋ ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህ አቆጣጠር ስህተት ነው፤ ስህተቱም ብዙ ገንዘብ፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ባሌስትራ የሚሰበርበት ደቂቃ ድንገተኛ ሊሆን ይችላል፤ መሰበሩ ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት የተጀመረ ሥራ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብረቱ ምልክት ያሳያል። ዝገት ያፈሳል፣ ቦታውን ይለቃል፣ ጎማውን በአንድ ጠርዝ ያስበላል፣ ተሳቢውን ያጣምማል። ምልክቱን ለማየት የሚያስፈልገው መብራት፣ መዶሻ፣ ሜትርና ጎንበስ የሚል ሰው ብቻ ነው። አብዛኛው የገቢና ወጪ ንግዳችን በዚህ ኮሪደር ላይ በተንጠለጠለበት አገር፣ ይህ ጎንበስ ማለት የማንም የሥራ ድርሻ ሳይሆን መቅረቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ባሌስትራ ለዓይን ቀላል ነገር ነው። በርዝመት የሚበላለጡ፣ ጫፎቻቸው ወደ ላይ የጎበጡ የብረት ቅጠሎች ይደራረባሉ፤ መሃላቸውን ሴንተር ብሎን ይወጋቸዋል፤ ዩ ቦልት ደግሞ ክምሩን ከአክስሉ ጋር አጥብቆ ያስረዋል። ጭነት ሲመጣ ሻንሲው ሁለቱን ጫፎች ወደ ታች ይጫናል፣ አክስሉ መሃሉን ወደ ላይ ይገፋል፣ ጉብጠቱም ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ ቅጠል የላይኛው ገጽ ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ጉድጓድ ሲመጣ ይኸው ይደገማል፤ የአስፋልት መገጣጠሚያ፣ የከተማ መግቢያ ጉብታ፣ የተቆፈረ ድልድይ አፍ ሲመጣም እንዲሁ። በአንድ ምልልስ ውስጥ ባሌስትራው ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ መቁጠር አይቻልም። በብዙዎቹ ከባድ ተሳቢዎች ላይ ደግሞ የባሌስትራው ጫፍ የተጠቀለለ ጆሮም በጆሮው ውስጥ የሚያልፍ ፔርኖም የለውም፤ በመያዣው ብረት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አክስሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ከጎኑ የተዘረጋው ዘንግ ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ባሌስትራ መካከል ደግሞ አንዱ ሲጫን ለሌላው የሚያካፍል፣ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ብረት አለ። ስለዚህ ስለ ባሌስትራ ስንናገር ስለ አንድ ቁራጭ ብረት ሳይሆን ተያይዞ ስለሚሠራ ቤተሰብ ነው የምንናገረው፤ አንዱ ሲደክም ሸክሙ ወደ ሌላው ይዞራል።

ብረቱ ራሱም ተራ ብረት አይደለም። ክሮሚየም፣ ወይም ሲሊከንና ማንጋኒዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ወደ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ግሎ በዘይት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በ400ና በ500 ዲግሪ መካከል እንደገና ሞቆ ጥንካሬውና ልስላሴው ይመጣጠናል። ጥሩ አምራች ይህን ጨርሶ የሚለጠጠውን ገጽ በጥቃቅን የብረት ጥይቶች ይደበድበዋል። ድብደባው ገጹን አስቀድሞ ስለሚጨምቀው መንገድ ላይ የሚመጣበትን ልጠጣ ይቋቋማል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን ነው፦ የባሌስትራ ዕድሜ ያለው ገጹ ላይ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የሚያርፍ የመዶሻ ጠባሳ፣ የብየዳ ፍንጣሪ ወይም የዝገት ጉድጓድ ጥቃቅን ቢመስልም ስንጥቅ የሚጀምርበት በር ነው። ከአፍዴራ ጨው የሚያወጡ መኪናዎች ባሌስትራ ቶሎ የሚያልቀው በጭነቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የፈሰሰው ጨው በቅጠሎቹ መሃል ገብቶ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብረቱን ስለሚበላው ጭምር ነው። እርጥበት የሚስበው ማዳበሪያም ከዚህ የተሻለ አይደለም። እንዲህ ያለ ጭነት ካራገፉ በኋላ ሥሩን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ተሳቢውን ለማሳመር የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የጥገና ሥራ ነው።

ባሌስትራ በድንገት ይሰበራል ለሚል ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ራሱ የተሰበረው ቁራጭ ነው። ብዙ ጊዜ ቁራጩ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ይወረወራል እንጂ አይታይም። ተነስቶ ስብራቱ ወደ ብርሃን ሲዞር ግን ፊቱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ከላይኛው ገጽ ወይም ከጠርዙ የሚነሳ፣ አንዳንዴ ከጥፍር የማይበልጥ፣ አንዳንዴ የቅጠሉን ግማሽ የሚሸፍን ለስላሳ ክፍል አለ። ቀለሙ ጠቁሯል ወይም ቡናማ ዝገት ይዟል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ከአንድ ነጥብ ዙሪያ እየሰፉ የሄዱ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች አሉበት። የቀረው ክፍል ደግሞ ሸካራና እንደ አዲስ ብረት የሚያበራ ነው። የሚያበራው በዚያች ደቂቃ የተሰበረው ነው፤ የጠቆረው ግን ቆይቷል። ዝገት በአንድ ሰዓት አይይዝም። ሹፌሩ «አሁን ሰበርን» ሲል ስንጥቁ ምናልባት ካለፈው ምልልስ ጀምሮ አብሮት ሲጓዝ ነበር።

የስብራቱ ቦታም ይናገራል። ቅጠሉ ልክ በሴንተር ብሎኑ ቀዳዳ ላይ ከተሰበረ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የዩ ቦልቱ መላላት ነው። በደንብ በታሰረ ባሌስትራ መሃሉ ከአክስሉ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚያዝ አይታጠፍም፤ ማሰሪያው ሲላላ ግን መታጠፉ ወደ ቀዳዳው ይመጣል፣ ብረቱ ደግሞ በቀዳዳው ዙሪያ ከሁሉም ቦታ ይደክማል። ስብራቱ ከማሰሪያው ወጣ ብሎ ከሆነ ነገሩ ወደ ጭነት ብዛትና ወደ ዕድሜ ያመለክታል። አዲስ ቅጠል ገዝቶ የላላውን ዩ ቦልት እንዳለ የሚመልስ ጋራዥ መንስኤውን ሳይነካ ውጤቱን ብቻ ቀይሯል፤ ባለንብረቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ ለዚያው ስብራት ዳግመኛ ይከፍላል።

ባሌስትራ በብዙ ቅጠሎች መሠራቱ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ አንዱ ሲሰበር መኪናው ወዲያው አይወድቅም። ነገር ግን ይህ ጥቅም መዘናጊያ ሆኗል። «አንዲት ናት የተሰበረችው፣ ታደርሰናለች» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነውና ሒሳቡን እንየው። እኩል ውፍረት ካላቸው አሥር ቅጠሎች አንዱ ሲሰበር የቀሩት ዘጠኙ የሚሸከሙት ጫና በ11 በመቶ ያድጋል። ትንሽ ይመስላል። የብረት ድካም ግን በቀጥታ አይቆጠርም፤ ዕድሜ የሚቀንሰው ጫናው ደጋግሞ በራሱ ተባዝቶ ነው። አምስት ጊዜ ተባዛ ብለን በግምት ብናሰላ የቀሪዎቹ ዕድሜ 40 በመቶ ግድም ይቀንሳል። ሁለተኛው ሲሰበር ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ሦስተኛውና አራተኛው ተከታትለው የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። አንዷን ቅጠል በጊዜ መቀየርና ሙሉ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ አንዳንዴም ኩሽኔታ ጨምሮ መቀየር በዋጋ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ምርመራው እንዴት ይሠራል? ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ብረቱ ሳይግል፣ ተሳቢው ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ። መጀመሪያ ከኋላ አሥር እርምጃ ርቆ ማየት ያስፈልጋል። ግራና ቀኙ እኩል ነው? ጎማዎቹ በአንድ መስመር ናቸው? ከዚያ በእያንዳንዱ አክስል ላይ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለው ከፍታ በሜትር ይለካል፤ በግራና በቀኝ ልዩነት ካለ ዝቅ ባለው በኩል የተሰበረ ወይም የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ መብራት ይዞ ሥር መግባት ይመጣል። በቅጠሎቹ መሃል ቀይ የዝገት ዱቄት የሚፈስበት ቦታ ካለ እዚያ ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ነው። ከዩ ቦልቱ ዳዶ ሥር እንደ እንባ የወረደ የዝገት መስመር ከታየ ዳዶው ላልቷል። አቧራ በለበሰ ብረት ላይ ተወልውሎ የሚያበራ ጠርዝ ከታየ አንድ ቅጠል ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ ሲንሸራተት ወደ ጎማ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጉዞው እዚያው ይቆማል። ዳዶዎቹ አንድ በአንድ በመዶሻ ይነካሉ፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ደነዝ ነው። ጆሮ ባለው ባሌስትራ ላይ በፔርኖውና በቦኮላው መካከል ዲጂኖ ገብቶ ሲፈነቀል ጨዋታ መኖር የለበትም።

ሚሌ ወይም አዋሽ ላይ ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራ ረዳት ሲገኝ ማየት ደስ ይላል። ከሥር ሆኖ «ጋሼ፣ የመሃለኛው በቀኝ በኩል ዝገት ያፈሳል» ይላል፤ ሹፌሩ «ስንተኛው ቅጠል ነው? ጨርቅ አድርግና ጥረገው፤ መስመር ከያዘ ንገረኝ» ይለዋል። ጨርቁ ቦታ አለው። ስንጥቅ በአቧራና በግራሶ ሥር ይደበቃልና ገጹ ተጠርጎ ካልታየ አልታየም። በናፍጣ የረጠበ ጨርቅ ተጠቅሞ ጠርጎ ጥቂት መጠበቅ ይበልጥ ይረዳል፤ ስንጥቅ ካለ የገባበት ናፍጣ ተመልሶ ይወጣና ቀጭን እርጥብ መስመር ሆኖ ይታያል።

ዩ ቦልትን በተመለከተ ሁለት ነገር ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አዲስ ዩ ቦልት ተጠብቆ የሚተው አይደለም። በመጀመሪያው የጭነት ጉዞ ብረቱ ይሳባል፣ በመሃል ያለው ቀለምና ዝገት ይረግፋል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ በቧንቧ የረዘመ ቁልፍ ላይ በመንጠልጠል ሳይሆን አምራቹ በጻፈው ልክ፣ ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ አራቱ ዳዶ በመስቀለኛ ተራ እየተፈራረቁ። ሁለተኛ፣ አንዴ የተፈታ ዩ ቦልት ተመልሶ መግባት የለበትም፤ ተስቧል፣ ጥርሱም ተጎድቷል። ግራሶ በሚጠጣ ፔርኖ ላይ ደግሞ ተሳቢውን በክሪክ አንስቶ ክብደቱን ከባሌስትራው ላይ ማውረድ ይገባል። አለበለዚያ ግራሶው ክፍተት ባለበት በኩል ብቻ ይወጣል፤ ሸክም ያለበትና ቅባት የሚያስፈልገው ጎን ደረቅ ይቀራል።

የአክስሉን አቀማመጥ መለካት ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ተሳቢው ከጎታቹ ጋር ከሚያያዝበት ኪንግ ፒን እስከ ፊተኛው አክስል ግራና ቀኝ ጫፍ ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት፤ 3 ሚሊሜትር ግድም የሚሆን ልዩነት ብቻ ነው የሚታለፈው። ሌሎቹ አክስሎች ደግሞ ከፊተኛው ጋር ይነጻጸራሉ። ልዩነቱ ከሰፋ ተሳቢው በገደምዳሜ ይጎተታል፤ ጎማ ያልቃል፣ ናፍጣ ይባክናል። የጎማው መበላት ለብቻው ከታየ ባለንብረቱ ጎሚስታ ዘንድ ይሄዳል፤ በሽታው ግን ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን አክስሉን በሚይዘው ዘንግ ያረጀ ቦኮላ ላይ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ብዙ ባለንብረቶች ለባሌስትራ ስብራት የሚሰጡት መፍትሔ ቅጠል ማስጨመር ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ የሚሸከም ከበዛ ሸክሙ ይቀላል። እኩል ውፍረትና እኩል ጉብጠት ያለው ቅጠል ሲጨመር ይህ በከፊል እውነት ነው። በተግባር የሚጨመረው ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ መኪና የወጣ፣ ወፈር ያለ ቅጠል ነው። ሁለት ቅጠሎች በአንድ መጠን ሲታጠፉ ገጹ አብልጦ የሚለጠጠው ወፍራሙ ነው፤ 16 ሚሊሜትር የሆነው 12 ሚሊሜትር ከሆነው በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። ለማጠናከር የገባው ቅጠል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም ቅጠል ሲጨመር ኩሽኔታው አልተጨመረም፣ ፍሬኑ አልተጨመረም፣ ጎማው የሚችለው ክብደት አልተለወጠም። ተሳቢው ሲጫን ዝቅ ማለቱን ስላቆመ ብቻ ጭነቱ የተቻለ ይመስላል። ዝቅ ማለቱ ግን ከመጠን በላይ መጫኑን የሚናገር የመጨረሻው ምልክት ነበር፤ ያን ምልክት ዝም ማሰኘት ቁልቁለት ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ።

ብየዳና መዶሻም እንዲሁ። የተሰበረን ቅጠል በብየዳ መቀጠል በዘይትና በእሳት የተሠራውን ሥራ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በአንድ በኩል እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፣ በሌላ በኩል ይልማል። የወረደን ባሌስትራ በመዶሻ መትቶ ጉብጠቱን መመለስም ለጥቂት ጊዜ ቁመት ይሰጣል እንጂ ዕድሜ አይሰጥም። ያለ እሳትና ያለ ዘይት የተመለሰ ጉብጠት ተመልሶ ይወርዳል፤ የመዶሻው ጠባሳ ደግሞ አዲስ የስንጥቅ መነሻ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚሠሩትን ባለሙያዎች ለማቃለል አይደለም የምናገረው። እጃቸው ጠንካራ፣ ዓይናቸው የሠለጠነ ነው፤ የሚጎድላቸው የሙቀት መጠን የሚቆጣጠር ምድጃና የዘይት ገንዳ ነው፤ እነዚህ ቢኖሩ ሥራቸው ሌላ ይሆን ነበር።

«መንገዱ ካልተሠራ ምርመራው ምን ይጠቅማል?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጋላፊን አልፎ በጅቡቲ በኩል ያለው መንገድ ለዓመታት የሹፌሮች እሮሮ ሆኖ ኖሯል፤ ጉድጓድ ባሌስትራ እንደሚያደክም ማንም አይክድም። ነገር ግን መንገዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስላሳ አስፋልት ባለበት አገር ባሌስትራ አይሰበርም ነበር። በአሜሪካ ቤተሰቦች ለሽርሽር የሚጎትቱት፣ መኝታና ማዕድ ቤት ያለው ተሳቢ ባሌስትራ አለው፤ አራት አምስት ስስ ቅጠል ነው። በዚያ ሁሉ አውራ ጎዳና ላይ እየሄደ ይሰበራል፣ ቦኮላው ይበላል፣ ጆሮውን የሚያንጠለጥለው ብረት ቀዳዳው ይሰፋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ለአክስሉ ወሰን ተጠግቶ ይጫናል፣ ቦኮላው ብዙውን ጊዜ ግራሶ የማይጠጣ ፕላስቲክ ነው፣ ባለቤቱም ሥሩን አያይም። መንገድ ጉዳቱን ያፋጥናል፤ ያለ ምርመራ መሄድ ግን በየትኛውም መንገድ ላይ ያው ነው። ደግሞም መንገዱን የሚያበላሸው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ፣ የአክስል ጭነት በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጭነቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ እንደሚያድግ ታይቷል። በ20 በመቶ ከልክ በላይ የተጫነ አክስል ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ቅጠል አስጨምሮ ከልክ በላይ የሚጭን ባለንብረት ነገ ባሌስትራውን የሚሰብርበትን ጉድጓድ ዛሬ እየቆፈረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብና የጊዜ ነው፤ ይኼኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ ሶማሌ ተራ ያለው የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው ይንራል፣ ሹፌሩም በምልልስ ስለሚከፈለው የቆመበት ሰዓት ከኪሱ ይወጣል። እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃ መወደዱ የሚደግፈው ምርመራውን ነው፤ ውድ ነገር ያለው ሰው ነው ቶሎ ቶሎ የሚያየው። ጊዜውን በተመለከተ ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም። ለማየት የማይከፈለው ሰው አላየህም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። በአሜሪካ ከባድ መኪና በመንዳት የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተኑ የጎደለ፣ የተንሸራተተ፣ የተሰነጠቀና የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል መፈተሽን በቃል እየተናገሩ ያሳያሉ። ዋናው ቅጠል ወይም ከቅጠሎቹ ሩብ ያህሉ ተሰብሮ ከተገኘ ተቆጣጣሪ ተሳቢው ካለበት እንዲንቀሳቀስ አይፈቅድም። እነዚህ ሰዎች እዚህ ካሉት ሹፌሮች የተለየ ተፈጥሮ የላቸውም። የተለየው ነገር፣ እዚያ ማየት የሥራው አካል ሆኖ መቆጠሩ ነው።

በእኛ ዘንድ ያለው የዓመት ቦሎ ምርመራ ይህን ቦታ አይሞላም። ተሳቢው በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል፤ ስንጥቅ የሚያድገው በሳምንታት ነው፤ ለምርመራ የሚቀርበውም ባዶውን፣ አንዳንዴም ለዚያ ቀን ተጠግኖ ነው። የሚያስፈልገው በየምልልሱ፣ ጭነት ከመያዙ በፊትና ከያዘ በኋላ፣ የሚደረግ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህ ግማሽ ሰዓት በባለንብረቱና በሹፌሩ ውል ውስጥ ተጽፎ አበል ሊቆረጥለት ይገባል። በጋቢናው ውስጥም አንድ ደብተር ይኑር፤ የትኛው ቅጠል በየትኛው ቀን እንደተቀየረ፣ ዩ ቦልቱ መቼ እንደተጠበቀ፣ የግራና የቀኝ ከፍታ ስንት እንደነበረ ይጻፍበት። ሹፌር ሲቀየር ደብተሩ ከቁልፉ ጋር ለተተኪው ይተላለፍ፤ ሥር ገብቶ የሚያየው ረዳት ደግሞ ያየውን በራሱ እጅ ይጻፍ፣ ይፈርምበትም።